በሬው ሰው ነው ያሉ ጊዜ

ክፍሉ ውስጥ አራት ሴቶች ነበርን። አንዷ እኔ ነኝ፤ ጁባ ካስተም ገበያ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ሁለተኛዋ አረቄ ስታወጣ የተያዘች የጁባ አሮጊት ነች። ሦስተኛዋ ቲማቲም የምትነግድ ኡጋንዳዊት፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ጊዜው አልፎባት ነው የገባችው። አራተኛዋ ዘፋኟ ነበረች፤ የዚሁ አገር ልጅ ሆና ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚጠራ። በሩ ላይ አንድ ወታደር ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም።

የያዙኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ዘፋኟና ጓደኞቿ የመጀመሪያ ሲዲያቸውን አውጥተው ነበር። ደንበኞቼ ስለሆኑ ምግብ ቤቴ ውስጥ እከፍተው ነበር። አንዱ ዘፈን በአማርኛ ነው፤ ስለ አንድ ጥቁር በሬ፣ ሲመጣ ሁሉ መንገድ ስለሚለቅለት። የእኛ ሀበሾች ሲሰሙት ይጠቃቀሱና "ይሄማ ያ ባለሥልጣን ነው" እያሉ ይስቁ ነበር። እኛ አገር በሬ ከተዘፈነለት ሰው ነው ይባላል። ሳቁ ከምግብ ቤቴ ወጥቶ ጆሮ ጠቢ ጋ ደረሰ። እኔንና ዘፋኟን ወሰዱን፤ እኔ እጄን እንኳ አልታጠብኩም።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ምድጃ ይግላል። እኔ የማስበው ጎረቤት ዘንድ የቀረችውን ትንሿን ልጄን ነው። ሻይ ካልቀዘቀዘ አትጠጣም፤ ይህን ማን ይነግራቸዋል እያልኩ እጨነቃለሁ።

አሮጊቷ ዘፋኟን አየቻትና "አንቺ በዘፈን እኔ በአረቄ ገባን። ያንቺ ይሻላል፣ አይሸትም" አለቻት በጁባ ዓረብኛ። "እስቲ ምን ምን ብለሽ ዘፈንሽ?"

"የመጀመሪያው ስለ ውሃ ቦቴ ነው። ንያኩሮን ሰፈር ሴቶቹ በርሜል ደርድረው ሲጠብቁት፣ ጥሩምባውን ነፍቶ ያልፋል።"

"ያልፋል! ውሻ!" አለች አሮጊቷ።

"ሁለተኛው ስለ ካምፑ አስተማሪያችን ነው። ሀ ሁን በልምጭ ነው ያስቆጠረን።"

"ሰደብሽው?" አልኳት።

"ኧረ እትዬ፣ አመሰገንኩት እንጂ።"

"በሬውስ?" ፈርቼ ነው የጠየቅኳት።

"በእኛ ወጣት ወንድ በሬ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በበሬው ስም ይጠራል። ወደ ኢትዮጵያ ስንሸሽ ወንድሜ መንገድ ላይ ቀረ። በሬውን ሳወድስ እሱን መጥራቴ ነው።"

ኡጋንዳዊቷ ቋንቋውን አልሰማችም፤ ግን የልጅቷን እጅ ያዘች።

ከሰዓት በኋላ እኔን ጠሩኝ። መኮንኑ በጁባ ዓረብኛ ነው የሚያናግረኝ። "ማማ ሀበሻ፣ ደንበኞችሽ በሬው ሰው ነው ብለዋል። ልጅቷ ለራሷ ስለምትመሰክር አናምናትም። አንቺ አዎ በይና ወደ ልጅሽ ሂጂ።"

ልጅ እንዳለኝ ያውቃል። አዎ ማለት አንድ ቃል ነው።

"በሬ ነው" አልኩ። "የሞተ ወንድሟ በሬ ነው።"

"እዚህ ማደር አማረሽ?"

"አላማረኝም ጌታዬ። እኛ በሬ የምናውቀው ስናርስበት ነው፤ ለዚህ ነው የሳቅነው። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ቀለሙ?"

"ጥቁር። ዘፈኑ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው ይላል።"

"ቀንዱ?"

"የግራው ወደ ዓይኑ የዞረ።"

ግራ እጁን ቀስ አድርጎ ከራሱ በላይ አነሳው፣ እንደ ቀንድ ጎበጥ አደረገው፤ ወጣቶቻቸው በሬያቸውን ሲያወድሱ እንዲህ ያደርጋሉ። ከዚያ እኔ መኖሬ ትዝ ሲለው አወረደው።

"ሂጂ።"

"ልጅቷስ?"

"ሂጂ ብያለሁ!"

ልቤ ወደ ልጄ እየሮጠ፣ በሩ ላይ መሬት ቁጭ አልኩ። "አብረን ነው የገባነው" አልኩት። ወታደሩ ሊያነሳኝ ሲመጣ መኮንኑ በእጁ ከለከለው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አብረን ወጣን። ሲዲውን አስቀሩት። አሮጊቷ ከውስጥ "ለእኔም አረቄ ዝፈኑልኝ!" ብላ ስትጮህ ሰማኋት።

ዛሬ ሰዎች ዘፈን ሰምተው ሲጠቃቀሱ ሳይ "ዘፋኙን ጠይቃችሁታል?" እላለሁ። ይስቁብኛል። ግን አንዳንዱ እንደገና ያዳምጣል።

አገሩ ነፃ በወጣ ዓመት ዘፋኟ ወደ ትውልድ ቀዬዬ አኮቦ እሄዳለሁ ብላ ተሰናበተችኝ። ኋላ ጦርነት መጣ። ረጅም ናት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ አማርኛ ትናገራለች። ያያት ሰው ካለ፣ ደህና መሆኗን ብቻ ይንገረኝ።