ሳይታዘዝ የዞረ በሽተኛ

ልቤ ውስጥ የምታፏጭ ቫልቭ አለች። ሐኪሞች ሲያዳምጧት ፊታቸው ይበራል፤ የሚያዝንልኝ ግን የለም።

አትላባራ ሰፈር ካለችው ሱቄ አጠገብ ቤት የተከራየችው ዶክተር እዚሁ ጁባ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። የስፔሻሊቲ ፈተናዋን አንዴ ወድቃለች። ዘንድሮም ከወደቀች ትሰናበታለች። «ጋሼ፣ ልብዎን ያውሱኝ» አለችኝ። ምን እላለሁ? አዋስኳት።

ስድስት ወር ሙሉ፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት፣ ጓዳ ተጋደምኩላት። ባለቤቴ በር ላይ ቁጭ ብላ ትቆጣጠራለች። ዶክተሯ እጄን ታያለች፣ አንገቴን ታያለች፣ ደረቴን ታዳምጣለች፤ በመጨረሻ «በግራ ጎንዎ ይዙሩ» ትላለች። ፉጨቱ አጥርቶ የሚሰማው ያኔ ነው። ስትረሳው ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። በኋላ በኋላማ ሳትናገር መዞር ለመደብኝ።

የፈተናው ሳምንት ሆስፒታሉ ደወለልኝ፤ ለተፈታኞች በሽተኛ ሆኜ እንድቀርብ። ለካ የልቤ ዝና ወጥቷል! ለማንም እንዳልነግር፣ እዚያም ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቁኝ። አፌን ዘጋሁ። ጎኔን ግን ማን ያስጠንቅቀው?

ሦስተኛዋ ተፈታኝ እሷ ሆና ገባች። ስታየኝ ክው አለች። እጄን ስትይዘኝ እጇ በረዶ ነው። ደረቴን አዳምጣ ቀና አለችና ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወለቀች። መዞሩን ረሳችው! ወይኔ ልጄን! ሳላስበው ግልብጥ ብዬ በግራ ጎኔ ተኛሁ።

«ማን ዙር አለህ?» አሉ ፈታኙ።

«እኔ ነኝ ያስለመድኳቸው» አለች እሷ። «ጎረቤቴ ናቸው፤ ስድስት ወር ተለማምጄባቸዋለሁ። እባክዎ ሌላ በሽተኛ ይስጡኝ።» ከመጋረጃው ወዲያ ወሰዷት። እኔ የልጅቷን እንጀራ ዘግቼ እንደዞርኩ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ድምጿን በሰማሁ ቁጥር ከስኳር ጆንያው ኋላ እደበቅ ነበር። በሳምንቱ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከች አለች።

«ኸላስ፣ በቃ! አለፍኩ ጋሼ!»

ባለቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ለስላሳ ልከፍት ስል «ይጋደሙ» አለችኝ።

«ፈተናው አለቀ አይደል እንዴ?»

«እስከ ዛሬ ያዳመጥኩት ለራሴ ነው።»

ተጋደምኩና ወዲያው በግራዬ ዞርኩ።

«ቆይ ጋሼ፤ መጀመሪያ ይንገሩኝ። ምን ያምዎታል?»

በስድስት ወር ውስጥ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እንባዬ መጣ። ካርቶን ባነሳሁ ቁጥር ትንፋሽ እንደሚያጥረኝ፣ ለባለቤቴ እንኳ የደበቅኩትን፣ ነገርኳት። በሩ ላይ የባለቤቴ እልልታ ቆመ።