ሰይድ በፍሮግታውን የተከለው

ከደሴ በወጣንበት ምሽት ወንድሜ ሰይድ ግማሽ ልብሱን ከሻንጣው አውጥቶ በሶና በርበሬ ሞላበት። እማ «እዚያም እኮ ምግብ አለ ይባላል» ስትለው፣ «አለ ይባላል እንጂ ማን ቀምሶ መጣ?» ብሎ በእንባዋ መሐል አሳቃት።

ሆዱን የሚወድ ሰው ነበር። አሜሪካ፣ ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን የሚሉት ሰፈር ገብተን፣ እሱ ታክሲ እየነዳ እኔ አረጋውያን እየተንከባከብኩ ኑሮ ሲቃናልን፣ የጨጓራ ካንሰር ያዘው። ኪሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ የወጡ ሽታ ብቻ ያስመልሰው ጀመር። ዶክተሩ «ካናቢስ የምግብ ፍላጎት ይከፍትለት ይሆናል» ሲለን ደነገጥኩ። እኛ አገር ሐሺሽ የሰው ስም የሚጠፋበት ነገር ነው! ሰይድ ሸኻችንን ጠየቀ፤ «ሐኪም ካዘዘህና ለመዳን ከሆነ አላህ ልብህን ያውቃል» አሉት። ከሱቅ የገዛው ግን ራሱን አዞረው።

«እታለም፣ ራሴ እተክላለሁ» አለኝ። እዚህ ለአዋቂ ሰው በቤቱ ጥቂት እግር ካናቢስ መትከል ተፈቅዷል።

መጀመሪያ የጓሮውን አፈር ቆፍሮ በፕላስቲክ ባልዲ ተከለ። ውሃ ሲጠጣ እንደ ዋልካ ጭቃ ተጣበቀ፤ ሲደርቅ ጡብ ሆነ፤ ችግኙም ቢጫ ሆኖ ሞተ። ቀጥሎ ብስባሽ፣ የኮኮናት ገለባና ፐርላይት የሚሉትን እንደ ፈንዲሻ የቀለለ ነጭ ጠጠር ቀላቀለ። ግማሹን ታቹን በበሳው ባልዲ፣ ግማሹን በጨርቅ ከረጢት አድርጎ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ መብራት ሰቅሎ አስቀመጠው። ከሁለቱ የከረጢቱ በለጠ፤ ጨርቁ ስለሚተነፍስ ሥሩ አልታፈነም። ከሕክምና ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ አፈሩን በጣቱ ይነካ ነበር። እሱ ሲከሳ ተክሉ ወፈረ።

አንድ ቀን አከራያችን ቧንቧ ሊጠግን መጥቶ አየው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የወንድሜ መድኃኒት ነው። ሕጉ ይፈቅዳል» አልኩት።

«ተክሉን ሕጉ ይፈቅዳል። አፈር በምንጣፌ ላይ ግን በኪራይ ውሉ ላይ የለም።»

ሰይድ ከሶፋው ቀና አለ። «እሺ ጌታዬ፣ አፈሩን አውጥተን ተክሉን በአየር ላይ እንስቀለው?»

ሰውዬው አልሳቀም። ቀና ብሎ የሰይድን ፊት ሲያይ ግን ድምፁ ወረደ። «ላስቲክ አንጥፉበት» ብሎ ወጣ።

ላስቲኩን አነጠፍኩ። ተክሉ አበባ ያዘ፤ ከመድረሱ በፊት ሰይድ ሆስፒታል ገባ፤ አልተመለሰም። በዚህ በቀዘቀዘ መሬት ቀበርነው። ቤት ስመለስ ቅጠሉ ጠውልጎ ነበር። ውሃ አጠጣሁት፤ ለምን እንዳጠጣሁት እንጃ።

ከሰደቃው በኋላ እማ ደወለች።

«ዘይኑ፣ ወንድምሽ በቪዲዮ እያሳየ ሲስቅ የነበረው ተክል አለ?»

«አለ፣ እማ።»

«ደህና አፈር አግኝቼለታለሁ ይለኝ ነበር። መቃብሩን እንኳ አላየሁ… ዘሩን በሰው ላኪልኝ፣ ልጄ። ደጃፌ ላይ ልትከለው፤ ጧት ጧት ልየው።»

ምን ተክል እንደሆነ ሰይድ አልነገራትም። እሷ አገር ያ ተክል ያሳስራል፤ የልጇንም ስም ያጎድፋል።

«አትሰሚኝም እንዴ?» አለች።

«እሰማሻለሁ፣ እማ» አልኳት። ስልኩን እንደያዝኩ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ አፈሩን በጣቴ ነካሁት።