ባለ አንድ ዓይኑ ትራክተር ነጂ

ቢቸና አውራጃ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሰዓሊነት የገባሁ ዕለት አለቃዬ አቶ ዩሱፍ አንድ ጣቃ አቡጀዲ፣ አንድ ቆርቆሮ ሙጫና ሽፋኑ የተገነጠለ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «የዓለም ሕዝቦችን ሣል» አሉኝ። ስንት ሕዝብ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መጽሐፉን እየገለጡ ቆጠሩና «አሥራ ሁለት» አሉ።

መደቤ «የትምህርት መርጃ መሣሪያ አዘጋጅ» ይባላል። የሥራ ቦታዬ ፔዳጎጂካል ማዕከል ነው፤ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ማለት ነው። እዚያ ካርታ፣ የሰው አጥንትና የፊደል ገበታ እየሣልኩ ለየትምህርት ቤቱ እልካለሁ።

ከዚያ በፊት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነበር የምሠራው። ደብረ ወርቅ አካባቢ ከአጎቴ ተማርኩ። ዓባይን ተሻግሬ አላውቅም፣ ባሕርም አላየሁም። አቶ ዩሱፍ የሐረር ሰው ናቸው፤ ምጽዋ ሠርተዋል። ባሕር ምን ይመስላል ብዬ ብጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና «ብዙ ነው» አሉኝ። በዚሁ ሣልኩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። አቡጀዲውን እንጨት ላይ ወጥሬ ሙጫና ኖራ እቀባዋለሁ። ሲደርቅ የመጽሐፉን ሥዕል በእርሳስ ካሬ ካሬ አሰምረዋለሁ፤ ጨርቁንም ያንኑ ያህል ካሬ በትልቁ። ከዚያ ካሬ በካሬ እያየሁ ማሳደግ ነው። ጃፓናዊቷን ከነጃንጥላዋ፣ ኤስኪሞውን ከነውሻው፣ ሆላንዳዊውን ከነእንጨት ጫማው እንዲህ አወጣኋቸው። የእንጨት ጫማውን አቶ ዩሱፍ የፈጠርኩት መስሏቸው ተቆጡኝ። መጽሐፉን አሳየኋቸው።

ሶቭየቱ ላይ ስደርስ ብሩሼን አስቀመጥኩ። መጽሐፉ ላይ ሰውየው ትራክተር እየነዳ ወደ ጎን ዞሯል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሣላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣን፣ ይሁዳና የሰማዕታት ገራፊዎች ናቸው። ይህን እኛ አገር ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ያውቀዋል። የሚቀጥለው ገጽ ላይ ያለው አሜሪካዊ ደግሞ ባርኔጣውን ደፍቶ ፊት ለፊት ይስቃል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ቁልጭ ብለዋል።

ለአቶ ዩሱፍ ነገርኳቸው። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ ነገሩ ብዙም አልከበዳቸውም። «መጽሐፉ የመንግሥት ነው። እንዳለ ገልብጥ» አሉኝ። ገለበጥኩ።

ጎረቤታችን ሞጣ አውራጃ የራሷ ሰዓሊ ስላልነበራት ሥዕሎቹም እኔም ለሁለት ወር በውሰት ተላክን። በደብዳቤው ላይ ተራ ቁጥር አንድ ሥዕሎቹ፣ ተራ ቁጥር ሁለት እኔ ነበርኩ። ሥዕሎቹ የመሠረተ ትምህርት አዳራሽ ውስጥ ተሰቀሉ። ተማሪዎቹ ጎልማሶችና አዛውንቶች ናቸው፤ እኔ በዘንግ እያመለከትኩ የየሕዝቡን ስምና ኑሮ እናገራለሁ።

ከተማሪዎቹ መካከል እማማ አጀቡሽ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ጃፓናዊቷን አይተው «ቆንጆ ናት፣ ፀሐይ ፈርታ ነው» አሉ። ትራክተር ነጂው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይኸ ደግሞ ምን በድሎ ነው?»

«ምንም አልበደለም፣ እማማ። እያረሰ ነው።»

«አገሩ በሙሉ እንዲህ ነው? አንድ ደግ ሰው እንኳ የለበትም?»

ስሙን ዛሬ ገና ለሰሙት አገር ከልባቸው አዝነው ነበር፤ አንጀቴን በሉት። አጠገባቸው ያሉትም ከንፈራቸውን መጠጡ።

የአውራጃው ካድሬ በር ላይ ቆሞ ይሰማል። እሱም የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፣ ዳዊት ደግሟል፤ አስረጂ አላስፈለገውም። ነጂውን አየ፣ አሜሪካዊውን አየ።

«ወዳጃችን ኃጥእ፣ ኢምፔሪያሊስቱ ጻድቅ» አለ ቀስ ብሎ። «ጓድ ሰዓሊ፣ ማን ነው የላከህ?»

«የቢቸና ትምህርት ጽሕፈት ቤት» አልኩ። የጠየቀኝ እሱን አልነበረም።

በቀበሌው መጋዘን ውስጥ ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር ሦስት ቀን ተቆለፈብኝ። ፈራሁ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው አውቃለሁ። አቶ ዩሱፍ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ካሉ እተርፋለሁ። «አላዘዝኩም» ካሉ አለቀልኝ፤ ትዕዛዙ በቃል ነው፣ ምስክር የለኝም። እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ግራ ቀኙን ሳያዩ እጃቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው።

በአራተኛው ቀን አቶ ዩሱፍ ወሬው ደርሷቸው በጭነት መኪና መጡ፤ አቧራ በአቧራ ሆነው፣ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልለው። ካድሬው ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን።

«ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ አቶ ዩሱፍ፣ ገና ሳይቀመጡ። ገጹን ገልጠው አሳዩት።

ካድሬው ሥዕሉን አገላብጦ አየ። «ይሁን። ለሶቭየቱ ሁለተኛ ዓይን ይጨመርለት። የአሜሪካኑ ግን አንዱ ይነሣ።»

«እሺ ጓድ። በደብዳቤ ይታዘዝልን» አሉ አቶ ዩሱፍ።

«ምን ተብሎ?»

«አንድ ዓይን ያለው ኃጥእ ስለሆነ የአሜሪካዊው አንድ ዓይን ይነሣ፣ ተብሎ። ግልባጩ ለክፍለ ሀገሩ። የመንግሥት መጽሐፍ ስንለውጥ ማሳወቅ አለብን።»

ካድሬው እስክሪብቶውን አነሣ። በየስብሰባው አጉል እምነት ይጥፋ እያለ የሚያስተምረው እሱ ነው። አንድም ቃል ሳይጽፍ እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠ።

«ሁሉም ፊት ለፊት ይሁኑ» አለ። «ሂዱ።»

ውጭ ስንወጣ አቶ ዩሱፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ውሃ አመጣሁላቸው።

«እንዲህ ያሉ ሰው አይመስሉኝም ነበር» አልኳቸው።

«እኔም አይመስለኝም ነበር» አሉና ጠጡ።

ትራክተር ነጂውን ደግሜ ሣልኩት። ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል፤ ወዴት እንደሚነዳ አያይም፣ ግን ሁለት ዓይን አለው። እማማ አጀቡሽ መጥተው አዩትና «እሰይ፣ ማሩት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ማንንም በጎን አልሣልኩም። የሰሐራን ግመል እንኳ ፊት ለፊት ነው የሣልኩት፤ ግመል ፊት ለፊት አያምርም።

በዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። የሰው አገር ስትሥሉ የሚያየው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ አስቡ። ትዕዛዝ በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል ከሆነ ግን አዛዡ እንደ አቶ ዩሱፍ ያለ ሰው ይሁን።