አንድ ሪሲቨር ለሁለት ክፍል

ገርጂ ያለውን ሰርቪስ ክፍላችንን ሄለን ለምትባል ቆንጆ ሆስተስ አከራየነው። ባሌ ከሳሎናችን ሪሲቨር ገመድ ስቦ አስገባላት፤ እኛ የከፈትነው ጣቢያ ነው እሷም ጋ የሚታየው። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ይሄ ከኳስ ሌላ የማያይ ሰውዬ፣ ልክ አስር ሰዓት ሲሆን የፍቅር ተከታታይ ፊልም ከፍቶ ሪሞቱን ኪሱ ይከተዋል።

"ለማን ነው?" ስለው፣ "ለማንም" ይለኛል። እኔ ግን የሄለንን ፀጉር ባየሁ ቁጥር ለእሷ መሆኑን እጠረጥራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ቅናቱ ሲብስብኝ ሄጄ በሯን በረገድኩት። ሄለን በረራ ላይ ናት። አልጋዋ ላይ ተቀምጠው ፊልሙን የሚያዩት፣ ጾሙ እስኪፈታ ቴሌቪዥን አላይም ብለው ለንስሐ አባታቸው ቃል የገቡት አማቴ ናቸው።

"በማርያም፣ እንዳትናገሪ! ልጄና ሄለን ብቻ ናቸው የሚያውቁት" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከፊልሙ ሳይነቅሉ። "ግቢና በሩን ዝጊው፤ ሊጋቡ ነው።"