ዝናም የመታው አለላ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምሁ የሚያስጽፈኝም ነገር አልነበረም። አሁን የምጽፈው ይህን ለሰው ለመናገር አፌ እንቢ ስላለኝ ነው።

ደብረ ታቦር አክስቴ ቤት ተቀምጬ ስፌት እሰፋለሁ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ለስፌት የሚሆን አክርማ ሣር በቀይ፣ በአረንጓዴና በሐምራዊ ነክሬ ደጅ አስጥቼ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ዝናም መትቶት የነከርሁት አለላ አንዱ ቀለም ባንዱ ላይ ፈስሷል። በእኛ ዘንድ ጥለቱ የተዛባ ስፌት ሴቷን ያሰድባል። እሳት ልጨምረው ስል አክስቴ፣ «ምን በወጣው! የቡኾ መክደኛ ይሁን» አሉኝ። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብቻ እጄ የገባውን ሰበዝ ሳልመርጥ ሰፋሁት።

ሞሰብ ሊገዙ የመጡ ሠዓሊ ግድግዳ ላይ አዩት። ሰውም ዛፍም የሌለበት ሥዕል የሚሥሉ፣ የከተማውን ልጆችም የሚያስተምሩ ናቸው።

«ማን ነው የሠራው?»

«ዝናም ነው» አልሁ መሬት መሬት እያየሁ።

«ትሕትናዋን!» ብለው ሳቁ። ወስደውም ከልጆቹ ሥዕሎች ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰቀሉት።

ልየው ብሄድ ሰው ከቦታል። አንዲት ልጅ፣ «ቀዩ እሳት ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

«አይ፣ ዝናም መትቶት ነው።»

ጓደኛዋን ጎነተለቻት፤ «ሰማሽ? በቅኔ እኮ ነው የምትመልሰው!»

ከዚያ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ደስ ስላለኝ ነው። ያን ሳስብ እስካሁን ፊቴ ይግላል።

ሠዓሊው ሌላ እንድሰፋ ነገሩኝ፤ እሱም ካማረ ከልጆቹ ጋር ገብቼ እሠራለሁ። እንደዚያ የተመኘሁት ነገር የለም። አክርማውን ነክሬ በጣሳ ውኃ አፈሰስሁበት፤ በጣቴም ረጨሁበት። ያልታሰበበት እንዲመስል አጥብቄ እያሰብሁ ሰበዙን አንድ በአንድ መርጬ ሰፋሁ። አክስቴ አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ይሄስ የተጨነቀች ሴት ፊት መሰለ» ብለው ሳቁብኝ።

እንዲያም ሆኖ ወሰድሁላቸው። ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላብጠው አዩት። ልጆቹ ብሩሻቸውን እንደያዙ ወደ እኛ ዞሩ። እኔ እግሬን የማደርግበት ጠፋኝ።

«ጋሼ፣ እንደ ፊተኛው አልሆነም መሰለኝ» አልሁ።

ስፌቱን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄኛውን እንኳ አንቺው ነሽ የሠራሽው፤ ያስታውቃል» አሉኝ።