ሳይታይ የተሰጠ የእንግዴ ልጅ

ጅማ ከተማ ማዋለጃ ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልማዝ ሕፃኑን ለሌላ ነርስ ሰጥተው ለእኔ ሳህኑን አቀበሉኝ። የእንግዴ ልጁ ነበረበት።

«ልጁን ሁሉም ያየዋል። አንቺ ይህን እይ» አሉኝ።

ደሙን አጥቤ ገለበጥኩት። ማኅፀን ውስጥ የቀረ ቁራጭ እንዳይኖር ሙሉነቱን አየሁ። በእትብቱ ውስጥ ሦስት የደም ሥር ቆጠርኩ። መዘንኩት። ሲስተር እንዳስተማሩኝ፣ ትንሽ ከሆነና ነጣ ያለ ጠጣር ነገር ከበዛበት፣ ፅንሱ ደምና ምግብ ሲያጥረው ከርሞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ እድገቱን መከታተል ያስፈልጋል፤ እናቲቱም በሚቀጥለው እርግዝና ቀድማ እንድትመጣ ይነገራታል። ሁሉም ካርድ ላይ ይጻፋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከጅማ ወደ ደዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። አዋላጇ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘይነባ የምትባል ወጣት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሴት ናት፤ በጣም ትንሽ። አማቷ የእንግዴ ልጁን ለመውሰድ በር ላይ ቆመዋል። በአገሩ ልማድ ጓሮ ይቀበራል። ልጃቸው፣ የዘይነባ ባል፣ ወደ ገበሬ ማኅበር ስብሰባ ከመሄዱ በፊት እንዲቀብረው ቸኩለዋል።

«ትንሽ ይታገሡኝ፤ ልመዝነው ነው» አልኳቸው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቡና መሰለሽ እንዴ የምትመዝኚው?»

«ገበያ ልታወጣው ነዋ!» አለች አብራቸው የመጣች ጎረቤት።

ሁሉም ሳቁ። እኔም አፍሬ አብሬ ሳቅሁ። ሳላየው በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ስጠቀልለው አውራ ጣቴ ጠጣር ነገር ነክቶ ነበር። ካርዱ ላይ «ሙሉ፣ ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

በሁለተኛው ዓመት ዘይነባ የስምንት ወር እርጉዝ ሆና መጣች። ፊቷና እጇ አብጧል። ያዘለቻት ልጅ ገና አትራመድም። የደም ግፊቷ ከፍተኛ ነበር። የፅንስ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ ቦታ እየቀያየርኩ አዳመጥኩ። ምንም አልሰማሁም።

ጅማ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ካርዷን አነበበ።

«የመጀመሪያው የእንግዴ ልጅ ደህና ነበር ይላል። ማን ነው ያየው?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። አላየሁትም።»

«ፅንሱ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ግን አይተሽው ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምረን እንከታተላት ነበር» አለ።

ዘይነባ ተረፈች። ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ ወንድ ነበር። በማግስቱ፣ «ሲስተር፣ አላህ ያለው ነው፤ አይዘኑ» አለችኝ። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ የእንግዴ ልጁን ሳላይ «ደህና» ብዬ መጻፌን ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ እኔ ዘንድ አልመጣችም።

ለወጣት አዋላጆች የምለው ይህ ነው። የእንግዴ ልጅ ሁሉን አይናገርም፤ የሚናገረውን ግን ከተቀበረ በኋላ ማንም አያገኘውም። ቤተሰቡ ይሳቅ፣ ይቆጣ፤ ታይቶና ተመዝኖ ይሰጥ። ያላያችሁትን አይተናል ብላችሁ አትጻፉ።