በሕይወት ላለ ሰው ብቻ

ከበበው አርባ አንድ ዘፈን ነበረው። ሁሉም በስም በተጠሩ የመካኒሳ አቦ ሰዎች ላይ የተዘፈኑ ናቸው። ካሴት አላወጣም። ሠላሳ ዓመት በላፍቶ ግሮሰሪዎች በጊታር ብቻ ዘፈነ፤ ሰሚዎቹ ጥቂት ቢሆኑም ስንኙን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል።

አንድ ሕግ ነበረው፤ የተዘፈነበት ሰው ከሞተ ዘፈኑም ዳግም አይዘፈንም። ሕጉን ያወጣው በአንድ ሟች ደላላ ንፉግነት እየዘፈነ ሲያላግጥ፣ ከል የለበሰችውን የሟቹን ሚስት አምሳለን ግሮሰሪው በር ላይ ቆማ ያያት ቀን ነው። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የእድሩ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ዘፈን ይቀንሳል። አዲስ አይጽፍም፤ ኮንዶሚኒየም ከገባ ጀምሮ የጎረቤቱን ስም እንኳ አያውቅም። በመጨረሻ የጫማ ሰፊው የቱሉ ብቻ ቀረ፦

«ቱሉ የሰፈሩን ጫማ ሁሉ ሰፍቶ፣
ለራሱ ሠርግ ሄደ አንድ ጫማው ጠፍቶ።»

ቱሉ ኩላሊቱን ታሞ ተኛ። ስቱዲዮ ያላት ዝማሬ ይህን ሰምታ፣ «ጋሼ፣ አንዷ እንኳ ትቀረጽ» ብላ ለመነችው። ከበበው አልጋው ድረስ ሄዶ ቱሉን አስፈቀደ።

«ሰፈር ለሰፈር ስታዋርደኝ ኖረህ አሁን ፈቃድ?» አለ ቱሉ። «ዝፈናት፣ አገር ይስማ። ግን ቶሎ በል፤ እኔ እንዳንተ ቀጠሮ አላበዛም።»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ብስራተ ገብርኤል፣ ስቱዲዮው ደጃፍ ላይ ስልኩ ጠራ። የቱሉ ልጅ ፌኔት ናት። ከበበው ስሟን ትንሽ አየው፤ ከዚያ ስልኩን አጠፋው። ገብቶ ዘፈነ። ዝማሬ ከመስታወቱ ጀርባ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ድጋሚ አላስፈለገም።

መካኒሳ ሲደርስ ቱሉ ደጅ ድንኳን እየተተከለ ነው።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አላት ፌኔትን።

«ሦስት ሰዓት። ደውዬልህ ነበር፣ ጋሼ።»

ሠልስቱ ሲወጣ ስቱዲዮ ተመለሰ።

«አጥፊው።»

«ኧረ ጋሼ! አላወቁም እኮ።»

«ልጁ ስትደውል ስልኩን ለምን ያጠፋሁት ይመስልሻል?»

«እሳቸው ራሳቸው ፈቅደው የለ?»

«በሕይወት እያለ ነዋ።»

ተከራከረችው። እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲመሽ አጠፋችው። ሌላ ቦታ ያስቀመጠችው ቅጂ እንዳለ ጠየቃት። ነበር። ያንንም አጠፋች።

ለላፍቶ ታክሲ ተሰለፈ። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊቱ ያለችው ሴት ዞር ብላ ስታየው ነው ማንጎራጎሩን ያወቀው። የቱሉ ዜማ ነበር። አፉን በእጁ ያዘ።